የቁልፍ ሥዕል በአምቦ መንገድ

አምቦ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ናት፤ ያም ሆኖ ሳያያት የሚያረጅ ብዙ ነው። ሥራ ባይልከኝ ኖሮ እኔም ከእነሱ አንዷ እሆን ነበር። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ ድንጋጤዬ ትንሽ ረገብ ሲልልኝ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የሄድኩበትን ድርጅትም በስም አልጠራውም። የቀረው እንደሆነው ነው።

ሰኞ

በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። መኪናው ውስጥ ያለነው ሾፌራችን ጋሽ ታደሰና እኔ ብቻ ነን። ጋሽ ታደሰ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ አዲስ ዓለም ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ሆለታን ስናልፍ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ አምቦ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው ልጄ?»

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁሌም ይቸግረኛል። «ድርጅቶች ምስጢር ያለበት መልእክት ሲላላኩ መሐል ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው መመስጠር አለባቸው» አልኳቸው። «የመመስጠሪያ ስልቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ አርጅተዋል፤ የዛሬ ኮምፒዩተር ይሰብራቸዋል። ስለዚህ መንግሥት በደንብ የተፈተኑትን መርጦ እነዚህን ተጠቀሙ ብሎ ይመክራል። እኔ የምሄደው በተመከረው መሥራታቸውን ለማየት ነው።»

«የተመከረው የቱ እንደሆነ ሁሉም ካወቀ ታዲያ ምኑ ምስጢር ሆነ?»

«ቁልፉ ነዋ ጋሼ። ጓጉንቸር እንዴት እንደሚሠራ መርካቶ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የእርስዎን ቤት የሚከፍተው ግን ኪስዎ ውስጥ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው ሳቁ።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ማርያምን ሳልሳለም አላልፍም ብለው ወረዱ። እኔም መንገድ ዳር ካለች ቤት እንቁላል ፍርፍር በላሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ በዚህ ወር ጠዋት ጣት እስኪደነዝዝ ይበርዳል። እዚህ ግን ሻዬን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ። የጤፉ ማሳ ደግሞ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ መጥቷል። እኛ ገብስና ባቄላ እያየን ላደግነው ያ ሁሉ ጤፍ የሀብታም ግቢ ይመስላል።

ጊንጪን አለፍ እንዳልን ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ነፋስ የለውም። ጋሽ ታደሰ ሊሳደቡ አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ባለጋሪ ደረሰልን፤ ጎማውን ጋሪው ላይ ጭኖ እሳቸውን አጠገቡ አስቀመጠና ወደ ጊንጪ ጎሚስታ ይዟቸው ተመለሰ። እኔን መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ ሴቶች ጠሩኝ። ያቀረቡልኝን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ስበላ አንዷ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችና ሁሉም ሳቁ። ምን እንዳለች ብጠይቅ ሌላዋ በአማርኛ «መኪና ያለው ሰውም ይርበዋል ለካ! ነው ያለችው» አለችኝ። ሂሳብ ብል አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

አምቦ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። የሆቴሉ አስተናጋጅ ከጋሽ ታደሰ ጋር በኦሮምኛ ጀምራ ከእኔ ጋር በአማርኛ ጨረሰች፤ ሁለቱንም ያወራችው በአንድ ትንፋሽ ነው። እኛ ሳናዝ አምቦ ውሃ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ይህ ጉዞ ቀላል ነው ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ድርጅቱ ከቤታቸው የተሰደዱ ሴቶችን የሚያስጠልል ነው። ኃላፊዋን አዴ አስቴር ይሏቸዋል፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ለወንድ ኦቦ ይባላል። ረጅም ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ጸጥ ባለ ድምፅ ይናገራሉ፤ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ እንደነበሩ በኋላ ነገሩኝ። ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው። ሥሩ ኮምፒዩተር የሚጠግንና ጽሑፍ የሚያትም ሱቅ አለ፤ የኢንተርኔት መስመሩንም ከሱቁ ጋር በጋራ ይጠቀማሉ።

አንዲት ሴት ከአንድ መጠለያ ወደ ሌላ ስትዛወር አዴ አስቴር ለሚቀበላት ጤና ጣቢያ መልእክት የሚልኩበት ፕሮግራም ነበራቸው። ሲከፈት ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ የጓጉንቸር ቁልፍ ሥዕል ይወጣል። ከሥሩ «በመንግሥት በተመከረው ስልት የተመሰጠረ» ይላል፤ የስልቱ ስምና የቁልፉ ርዝመት ሳይቀር ተጽፏል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

«ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?» አልኳቸው እንደ ደንቡ።

«የቢሮውን?»

«የፕሮግራሙን። መልእክቱን የሚከፍተውን።»

አዴ አስቴር ግራ ገባቸው። «ሲሠሩልን እንዲህ ያለ ነገር አልሰጡንም። በቃ ይከፈታል።»

«እስቲ አንድ ተራ መልእክት ይላኩ» አልኩና እሳቸው እያዩ የራሴን ኮምፒዩተር ከዚያው መስመር ጋር አገናኘሁት። «ዛሬ አምቦ ደመና ነው» ብለው ጻፉና ላኩ። እኔ ጋ የመጣው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነበር፤ መጨረሻው ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት አለው። ያንኑ መልእክት ደግመው እንዲልኩ አደረግሁ። ያው ክምር፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ደግሞ መጣ።

ክው አልኩ። ምስጠራ እንዲህ አይደለም፤ በትክክል የተመሰጠረ መልእክት ሁለቴ ሲላክ ሁለቴም የተለያየ ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህ ጽሑፍን በሌላ ፊደል ገልብጦ የመጻፊያ መንገድ ነው፤ ያለ ምንም ቁልፍ ማንም ይመልሰዋል። መመለሻውን አንድ ጊዜ ነካሁት፤ «ዛሬ አምቦ ደመና ነው» የሚለው ስክሪኔ ላይ ቁጭ አለ። ቁልፉ ሥዕል ብቻ ነበር።

ለአዴ አስቴር ስነግራቸው ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይኼን መስመር የሚጠቀም ሁሉ ማንበብ ይችላል?»

«ትንሽ ከሚያውቅ፣ አዎ።»

«ታች ሱቅ የሚሠራው ሰውዬ...» ወደ ወለሉ ጠቆሙ። «የብርቄ ባል የአክስት ልጅ ነው።»

ብርቄ የምላት ባሏ ሊገድላት ሞክሮ ያመለጠች፣ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ያላት ሴት ናት። የትም ቢደብቋት ባሏ ይደርስባታል። ከሠራተኞቹ አንዱ ከድቷል ተብሎ አንዲት ልጅ ከሥራ ተባራለች። አዴ አስቴር ራሳቸው ሰው ማመን አቁመው ነበር።

«ስለ ብርቄ መጨረሻ የላኩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት። ከመምጣትሽ በፊት።»

ከፈቱልኝ። «ሸነን፤ ኦቦ ፈይሳ ቤት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤ ሰማያዊ በር። እንግዳችን እዚያ አርፋለች» ይላል።

ወደ ታች ወረድን። ሱቁ ተዘግቷል። ኦቦ ፈይሳ ጋ ብንደውል፣ ጤና ጣቢያውም ጋ ብንደውል፣ ኔትወርክ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መኪናቸው ለሌላ ሥራ ወጥቶ ስለነበር በሬዲዮ ሸነንን እንሞክራለን አሉን። አዴ አስቴር መልሱን ቆመው አልጠበቁም። «መኪና አለሽ አይደል?» አሉኝ።

ጉደርን አልፈን ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ሸነን ስንታጠፍ ዝናብ ጀመረ። ጭቃው መኪናውን እንደ ጀልባ ያወዛውዘዋል። አንድ ቦታ ሰምጠን ቀረን፤ ከማሳቸው የመጡ ገበሬዎች በጉልበታቸው ገፍተው አወጡን። ጋሽ ታደሰ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ በመስኮት ሲያመሰግኑ እኔ ሰዓቴን እመለከት ነበር።

ከዚያ አለፍ ብሎ ሞተር ሳይክሉን ያቆመ አንድ ሰው እጁን አውለበለበ። ጋሽ ታደሰ መንገደኛ ዝናብ ላይ ጥለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ ቆሙ። ሰውየው ወደ እኔ መስኮት መጣ። ጎልማሳ ነው። ንጹሕ ጃኬት ለብሷል፤ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«እንደምን ዋላችሁ። ሰንሰለቱ ተበጥሶብኝ ነው። ሸነን ድረስ ብታደርሱኝ ውለታችሁን አልረሳም።»

«ሸነን የት ነህ?» አሉት ጋሽ ታደሰ።

«ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ሰው አሉ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤ ሰማያዊ በር ነው። እንግዳችን እዚያ አርፋለች።»

ያነበብኩት መልእክት ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም፤ «እንግዳችን» የምትለዋ እንኳ አልቀረችም። ከኋላ አዴ አስቴር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው እንደተኛ ሰው መስኮቱ ላይ ተደግፈዋል።

«እኛ ሸነን አንደርስም» አልኩ። «እዚህ ፊት ለፊት እንታጠፋለን።»

ጋሽ ታደሰ ዞር ብለው አዩኝ። «በል እግዜር ያውጣህ ወንድሜ» ብለው ማርሹን አስገቡ። ሰውየው ፈገግ ብሎ «መልካም መንገድ እህቴ» አለኝና ወደ ኋላ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የሚያስደነግጠኝ ያ ጨዋነቱ ነው።

ጠመዝማዛውን ስናልፍ አዴ አስቴር ቀና አሉ። «እሱ ነው።»

«አወቅሁት።»

«አይተሽው አታውቂም፤ በምን አወቅሽ?»

«መልእክትዎን ቃል በቃል ነገረን እኮ።»

አዴ አስቴር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ያቺን ልጅ በከንቱ አባረርኳት» አሉ።

ሰማያዊውን በር ስናንኳኳ ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው ከፈቱልን። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ብርቄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከባለቤታቸው ከአዴ ዲንቂቱ ጋር ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አዴ አስቴርን ስታይ ማንም ሳይነግራት ገባት። የልጇን ጫማ ፈልጋ አጠለቀችላት።

ኦቦ ፈይሳ ነገሩን በጥሞና ሰሙና «ከኮረብታው በላይ ወንድሜ ቤት ሂዱ። መኪናዋንም እዚያው ደብቋት» አሉ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ እሆናለሁ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል።»

«መሣሪያ ይዞ ቢሆንስ?»

«በዚህ ዝናብ በእግሩ ነው የሚመጣው። በስብሶ፣ ደክሞት። ጎረቤቶቼን እጠራለሁ። እሳት ዳር እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ ፖሊስ ይደርሳል።»

የወንድማቸው ቤት ሰዎች አልጋቸውን ለቀቁልን። ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረቡልን። እኛ አገር እንሰት የለም፤ ቆጮን አዲስ አበባ ከክትፎ ጋር ብቻ ነበር የማውቀው። እዚህ ትኩሱን፣ ከምጣዱ እንደወረደ በላነው። ብርቄ ግን አልበላችም። ልጇን አቅፋ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«አዴ አስቴር ኮምፒዩተር የምታውቅ ናት አሉኝ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ያለሁበትን ለማንም አልናገርም ነበር። ለእናቴም አልነገርኩ። እነሱ ግን ያንን ቁልፍ አሳዩኝ። አረንጓዴውን። ማንም አያየውም፣ ተቆልፏል አሉኝ። እሱን አምኜ ነው።» ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ያንን ሥዕል የሣለው ሰው ምን አድርጌው ነው?»

ስለ ስልትና ስለ ቁልፍ ርዝመት የማውቀው ሁሉ ለዚያች ጥያቄ አልበቃም።

ረቡዕ

ጠዋት ኦቦ ፈይሳ ኮረብታውን ወጥተው መጡ። ፊታቸው በአንድ ሌሊት አርጅቷል።

ሰውየው ሳይመሽ ደርሶ ነበር። ውሃ አቅርበው እግሩን አስታጠቡት፤ እሳት ዳር አስቀመጡት። አዴ ዲንቂቱ «ልጄ፣ ልብስህ በስብሷል፤ ላድርቅልህ» ብለው ጃኬቱን ሲቀበሉት ከበደባቸው። ፊታቸውን ሳይለውጡ በጓሮ በር ወጥተው ጎረቤት ቤት አስቀመጡት። ውስጡ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ነበር። ሰውየው ጃኬቴስ ሲል ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ምግብ እያጎረሱ ያዙት። ፖሊሶቹ በሬዲዮ ተነግሯቸው ሲደርሱ አፉ ውስጥ ጉርሻ ነበር።

«ሽጉጡን ባየሁ ጊዜ» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ «ነገሩ ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ያመነ ልቤ ለሽምግልና የመጣ ባል ነው ይለኝ ነበር።»

አዴ ዲንቂቱን ላመሰግናቸው ብወርድ ቀድማኝ የወረደችውን የብርቄን ልጅ ፀጉር እየሠሩ አገኘኋቸው። ለመንገዳችን ጭኮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ ቅቤ የጠገበ፣ ገብሱ የሚሸት። የደብረ ብርሃን ገብስ ይበልጣል ስል የኖርኩት እዚያ ላይ አበቃ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃላችንን ሰጥተን በአምቦ በኩል ወደ ወንጪ ወጣን። ብርቄ የምትሄድበትን የሚያውቁት አዴ አስቴር ብቻ ናቸው፤ በጽሑፍም በስልክም ለማንም አልገለጹትም። ወንጪን ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። ስንደርስ ጉም ሸፍኖት ነበር። ፈረስ የሚያከራዩ ሰዎች ከበቡን፤ ሴት ልጅ ይዘን ስላዩ አንዱ በነፃ ፈረሱ ላይ አስቀመጣትና ትንሽ አዞራት። ጉሙ ሲገለጥ ሐይቁ እታች ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ታየ። ልጅቷ «እማ! ውሃ!» ብላ ጮኸች። ብርቄ ወደ ውሃው አላየችም፤ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ታያለች።

ወሊሶ አውቶቡስ መናኸሪያ ስንደርስ አዴ አስቴር ብርቄንና ልጇን ይዘው ወረዱ። ብርቄ በመስኮቱ እጄን ጨበጠችኝ። ጋሽ ታደሰ የሚሳፈሩበትን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጋሼ፣ መኪናውን ያዙሩት» አልኳቸው።

«ሲሄዱ እንኳ አይተን...»

«ባናውቀው ይሻላል። እባክዎን።»

አዞሩት። ወደ አምቦ ተመለስን።

ሐሙስ

ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ጋ ደወልኩ። የተማረ፣ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ነው። ያየሁትን ስነግረው አልካደም።

«የተመከረውን መጀመሪያ አስገብተነው ነበር» አለኝ። «ቁልፍ ማደል፣ ቁልፍ ማደስ ሲመጣ ተጠቃሚዎቹ ተቸገሩ። የርክክቡ ቀን ደረሰብንና ለጊዜው አጠፋነው። በኋላ እንመልሰዋለን ብለን ነበር።»

«ሥዕሉንስ ለምን ተዋችሁት?»

«ሥዕሉማ... እሱ ዲዛይኑ ላይ ስለነበረ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ክፉ ሰው እጠብቅ ነበር። የሰማሁት ግን ሥራ በዝቶበት የረሳ ሰው ድምፅ ነው፤ ይህ ከክፋት የባሰ አስደነገጠኝ። ነገሩን ለመሥሪያ ቤቴ ጽፌ አሳወቅሁ። ያንኑ ፕሮግራም የገዙ ሌሎች ድርጅቶችም ነበሩ፤ በዚያው ሳምንት ሁሉም እንዲዘጉት ተደረገ። ሱቁ ውስጥ የሚሠራውም ሰው ተይዞ ከጊዜ በኋላ ከብርቄ ባል ጋር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሁለቱም ተፈረደባቸው።

ያን ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። አሮጌውን አጠፋሁ፤ መስመሩን ከሱቁ ለየሁ፤ የተመከረውን ስልት በእርግጥ የሚሠራበትን ተከልኩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቁልፍ ሰጥቼ አጠቃቀሙን አሳየሁ። የተባረረችው ልጅ ተጠርታ መጥታ ነበር። ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ቁልፏን ስሰጣት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወደ ማምሻው ላይ አዴ አስቴር ከመንገድ ገቡ፤ ጫማቸው አቧራ ነው። ከተባረረችው ልጅ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው «እስቲ አሁን አንብቢው» አሉኝ፤ አንድ መልእክት ጽፈው ላኩ።

ያዝኩት። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ሁለቴ ሲልኩት ሁለት የማይመሳሰል ነገር መጣ። አንዱም አልተፈታልኝም።

«አልቻልኩም» አልኳቸው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አሁን በትክክል ተቆልፏል።»

አዴ አስቴር ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ጣቶቻቸው ፊደሎቹ ላይ እንዳረፉ ናቸው።

«አምንሻለሁ» አሉ። «የሌሎቹን ሁሉ በዚህ እልካለሁ።» ከዚያ ኮምፒዩተሩን በቀስታ ከደኑት። «የብርቄን ግን አልጽፈውም።»